የአባባ ፍተሻ ወለል

የባሌን አባት የሠሩበት ፋብሪካ ሰው ሁሉ «ፍተሻ» ብሎ ነው የሚያውቃቸው። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፤ ሲያናድዱኝ ግን በሆዴ «ፍተሻ» እላለሁ። በሆዴ ያልኩትንም የሚያውቁብኝ ይመስለኛል። ሰላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሞ የሰው ኪስና ቦርሳ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ሆድ ማየት ምን ያቅተዋል?

ቤታችን አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታች እኔና ባሌ፣ ላይ አባባ። የላዩ ክፍል ወለል ጣውላ ነው፤ ሲረግጡት እሺ ብሎ ይወርዳል፣ እግር ሲነሳለት ተመልሶ ይወጣል። በሩ ጋ አንድ እርምጃ የተራመደ ሰው ጥግ ያለውን አልጋ ያወዛውዛል። እኔና ባሌ ወደዚህ ቤት የገባነው የዛሬ አምስት ዓመት፣ እናቱ ከሞቱና አባባ ብቻቸውን ከቀሩ በኋላ ነው፤ ወለሉ ያኔም እንዲሁ ነበር። አሮጌ ቤት ነው ብለን ተውነው። ዘንድሮ ግን አባባ በዚሁ ወለል ላይ ሁለት ጊዜ ወደቁ። አንዴ በጉልበታቸው፣ አንዴ በጎናቸው።

የባሌ ታላቅ እህት ይህን ሰማች። የምትኖረው ሌላ ከተማ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስልክ ደውላ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ወለሉ በዚህ ወር ውስጥ ካልተሠራ መጥቼ አባዬን እወስደዋለሁ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ» አለች። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ እንደምትመጣም ነገረችን። እሷ ደግሞ እመጣለሁ ካለች ትመጣለች፣ እወስዳለሁ ካለች ትወስዳለች፤ የማን ልጅ ናት!

አባባ ሲሰሙ፣ «ሰባተኛ ፎቅ ወስዳ ከወፍ ጋር ልታኖረኝ ነው?» አሉ። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ እዚያ ቤት ከገቡ ተመልሰው እንደማይወጡ እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

እንዲሄዱ አልፈልግም ነበር። ይህን ስናገር ማንም አያምነኝም፣ እሳቸው በተለይ። ከሳቸው ጋር የተጨቃጨቅሁትን ያህል ከማንም ጋር አልተጨቃጨቅሁም። ግን ከሥራ ስመለስ «ዛሬ አሥር ደቂቃ ዘግይተሻል፣ የት ነበርሽ?» የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ባሌማ ሰንብቼ ብመጣ እንኳ ልብ ማለቱን እጠራጠራለሁ።

አባባ የክር ፋብሪካው ጥበቃ ሆነው የገቡት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሠራተኛው ሲወጣ ይፈትሻሉ፤ ሾፌሩን፣ አትክልተኛውን፣ የሒሳብ ሹሙን። አንድ ቀን የሥራ አስኪያጁን መኪና አስቁመው የኋላ ወንበሩን አስነሱ። ምንም አልተገኘም፤ እሳቸው ግን በማግስቱ ወደ ጓሮ በር ተዛወሩ። «በቅጣት ነው የተዳርኩት» ይላሉ ደስ ያላቸው ቀን፤ ምክንያቱም በጓሮ በር ከሚወጡት የክር ፈታይ ክፍል ሴቶች መካከል የባሌ እናት ነበሩ። የሌላውን ሴት ቦርሳ በሳምንት አንዴ ካዩ የሳቸውን በየቀኑ ያያሉ። ዓመት ሙሉ! በመጨረሻ ሴትየዋ ቦርሳቸው ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አስቀመጡ፦ «ሌባ ካልሆንኩ ምንድን ነኝ?» አባባ አንብበው ወረቀቱን አጣጠፉና፣ «እስካጣራ ጠብቂ» አሏቸው። አጣርተው ሲጨርሱ ሁለት ልጅ ወልደው ነበር።

ጡረታ ሲወጡ በሩ ቀረ እንጂ ፍተሻው አልቀረም። ክፍላቸውን ዘግተው ሲወጡ በበሩና በመቃኑ መካከል ቀጭን ክር ያስራሉ። ዳቦ ቆርጠው ሲያበቁ በቢላዋ ጫፍ ቅርፊቱ ላይ ጭረት ያኖራሉ። የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጠዋትና ማታ ያነባሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የዘወትር ጸሎታቸው ነው። ይህን ሁሉ መጀመሪያ ስቄበት ነበር። በኋላ ከራሴ ቦርሳ ሳንቲም የጎደለ እየመሰለኝ መፈተሽ ጀመርኩ። መጠራጠር እንደ ጉንፋን ይጋባል።

አናጢውን ያመጣው ባሌ ነው። ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል፤ እውነተኛውን ስሙን እናቱም የረሱት ይመስለኛል። ሰው ሰላም ሳይል በፊት ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አረፋዋን የሚያይ ዓይነት ነው። አዲሱ ንጣፍ በካርቶን ታሽጎ ደረጃው ስር ተቀምጧል፤ የሸጠልን ሰው «የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በላዩ ላይ እያጋጠሙ መሄድ ብቻ» ብሎናል።

ውሃ ልክ ጫማውን አውልቆ ወደ አባባ ክፍል ገባ። መሃል ላይ ቆመ፣ ተረከዙን አነሳና ባንዴ ጣለው። አልጋው ተንቀጠቀጠ፤ አልጋው ላይ የተቀመጡት አባባም አብረው።

«በዚህ ላይ ንጣፍ አላነጥፍም» አለ።

«እንዴት? የሸጠልን ሰውዬ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የሸጠልሽ ሰውዬ ሻጭ ነው፣ እህቴ። በሦስት ወር ውስጥ መገጣጠሚያው እየለቀቀ አፉን ይከፍታል። መጀመሪያ ወለሉ ከስር መጠንከር አለበት። ጣውላውን አንስቼ የተሸከሙትን አግዳሚዎች አያለሁ።»

እኔ ወዲያው ጠረጠርኩት። የአንድ ቀን ሥራ አራት ቀን ሆነ ማለት ነው። አባባን ሳያቸው ግን እሳቸው ከኔም ብሰዋል፤ ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ከስር ምን አለህ?» አሉት።

«ምንም የለኝም፣ አባባ። ለማጠንከር ነው።»

«ወለሌን ማንም አያነሳም። እኔ ስሞት አንሱት።»

ውሃ ልክ ተንበረከከ። በጣቱ የጣውላውን ሚስማሮች እየዳበሰ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄደ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይሄ ወለል ከዚህ በፊት ተከፍቷል» አለ። «ዳር ዳሩ ያሉት ሚስማሮች የድሮ ናቸው፤ ዝገታቸው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። መሃል ያሉት አዲስ ናቸው። ሰው አንስቶት መልሶ መትቶታል።»

ወደ አባባ ዞርኩ። እሳቸው መስኮቱን ያዩ ነበር። ሰው እያለ ዓይናቸውን ከሰው ላይ ሲያነሱ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ እንዴት ልተኛ? ለባሌ፣ «አባትህ ከወለሉ ስር የደበቁት ነገር አለ» አልኩት።

«ምን ይደብቃል? ጡረተኛ ነው።»

«ሰላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ በር ላይ ነበሩ።»

«አንቺ ደግሞ! አባቴ መርፌ የማይሰርቅ ሰው ነው።»

«ሰረቁ አላልኩም። ደበቁ ነው ያልኩት።»

«አባቴን ተይው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የባሌ መልስ ሁልጊዜ ጀርባ ነው።

ሰኞ አባባ ጸጉራቸውን ሊስተካከሉ ወጡ። ጸጉር አስተካካዩንም ስለማያምኑት ምላጩን ከቤት ነው ይዘውለት የሚሄዱት፤ ስለዚህ እንደሚቆዩ አውቃለሁ። ካቻቢቴ ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። በሩ ላይ ያለውን ክር ቀስ ብዬ ለመፍታት ሞከርኩ፤ ተበጠሰ። ከተበጠሰ አይቀር ብዬ ገባሁ። መሃል ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ካቻቢቴውን በሁለት ጣውላ መካከል ሰክቼ መፈልቀቅ ያዝኩ። ላብ በላብ ሆንኩ። አንድ ሚስማር ጫፉን ብቅ እንዳደረገ ከኋላዬ ወለሉ ሰመጠ።

አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። ጸጉራቸው በአንድ ወገን ብቻ ተቆርጧል።

«መብራት ሄዶ ነው» አሉ ጸጉራቸውን እየነኩ። ከዚያ የተበጠሰውን ክር አነሱና አሳዩኝ። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«ላጸዳ ነው።»

«በካቻቢቴ?»

ምን ልበል? ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ልምል አልችል፤ ካቻቢቴው እጄ ላይ ነው።

«ልታስወጪኝ ከፈለግሽ በቀጥታ ንገሪኝ፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ይህ ነው ያናደደኝ። «ክፍሉን ለማከራየት ከሆነ፣ እቃ ለማስቀመጥ ከሆነ፣ ንገሪኝ። እንደ ሌባ አትምጪብኝ።»

ተነሳሁና ጮህኩባቸው፤ በአማት ላይ አይጮህም፣ አውቃለሁ። «ላስወጣዎት ብፈልግ ምን አለፋኝ? እጄን አጣጥፌ ቅዳሜን አልጠብቅም? ልጅዎ መጥታ ወለሉን ታያለች፣ ሻንጣዎን ይዛ ትሄዳለች፣ አበቃ! እንዲቆዩ የምለፋው እኔ ነኝ፣ የሚያግደኝ እርስዎ ነዎት!»

አባባ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እንዴት እንደሚፈትሹ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ኪስ ሳይነኩ ነው የሚፈትሹት።

«ለምን?» አሉ።

«ምኑ ለምን?»

«ለምን ልቆይልሽ ፈለግሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። በንዴት ነው። ይሁን፣ በንዴት ብቻም አልነበረም።

አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። በግማሽ የተቆረጠ ጸጉራቸውን አሻሹ። ከዚያ፣ «አናጢው ረቡዕ ይምጣ» አሉ። «አንቺም እኔም እያየን ይከፈታል። አንዷም ጣውላ ከክፍሉ አትወጣም።»

ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። የአባባን አልጋ እስከ በረንዳው በር ገፋነው፣ እሳቸው አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀመጡና ውሃ ልክ ሥራ ጀመረ። እኔ ዓይኔ እሱ እጅ ላይ ነበር፤ የሚገኘውን ነገር ኪሱ እንዳይከት። እሱ በበኩሉ እያንዳንዷን ጣውላ ሲያነሳ ወደ አባባ ይመለከታል፤ ያለፈውን ጥፋት በሱ እንዳያላክኩበት ፈርቶ ነው። አባባ ደግሞ እኔን ያያሉ። ሦስታችንም በዚያች ክፍል ውስጥ እንደዚያ ስንተያይ ለሚያየን፣ የምንከፍተው ወለል ሳይሆን ባንክ ነበር የሚመስለው።

አንደኛው ጣውላ ተነሳ። አቧራ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አቧራና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ። መሃሉ ሁሉ ሲገለጥ ከላይ ሆኜ የታችኛውን ኮርኒስ ጀርባ አየሁ፤ ባዶ ነው። በሆዴ ያሰብኩት ሳጥን የለም፣ ጨርቅ የለም፣ ወረቀት የለም። አፈርኩ፤ ትንሽም ከፋኝ፣ እውነቱን ለመናገር።

ውሃ ልክ ግን በደረቱ ተኝቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰዷል። «ይገርማል» አለ። «አግዳሚዎቹ ደህና ናቸው። ግን ለብቻ ለብቻ ነው የቆሙት። በየመሃላቸው አንዱን ከአንዱ የሚያያይዙ አጫጭር እንጨቶች ነበሩ፤ ምልክታቸው ይኸው። አንዱ ሲረገጥ ሸክሙን ለጎረቤቱ የሚያካፍለው በነሱ ነው። የሉም። ለዚህ ነው ወለሉ የሚጨፍረው።»

«በስብሰው ነው?» አልኩ።

«የበሰበሰ ስባሪ ይተዋል። ይሄ በእጅ የወጣ ነው፤ ሚስማሩ እየተነቀለ፣ በጥንቃቄ። ከጓሮ በኩል የቀረው አለ፣ አንድም አልተነካም። የወጣው ከዚህ እስከዚህ ብቻ ነው፤ ከመስኮቱ አልጋው እስከነበረበት።» ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። «ማን ነው ጠላታችሁ?»

ቀድሞ የሠራ አናጢ ሰርቆት ይሆናል አልኩ። ማን ያውቃል፣ ሰው እኮ የማያደርገው የለም። ይህን እያልኩ ሳለ አባባ ከወንበራቸው ተነሱ። ጥግ ወዳለው ቁም ሳጥን ሄደው በግድግዳውና በቁም ሳጥኑ መካከል እጃቸውን አስገቡና ከባድ ጆንያ ጎትተው አወጡ። አፉን ፈትተው ወለሉ ዳር ላይ ዘረገፉት። አጫጭር ደረቅ እንጨቶች። አሥራ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ ላይ በጠመኔ ቁጥር ተጽፎበታል።

«እኔ ነኝ ያወጣኋቸው» አሉ።

ውሃ ልክ ቁጭ አለ።

«የልጆቼ እናት አንድ ጎኗ ከያዛት፣ ምላሷም ከተሳሰረ በኋላ፣ እኔ ነበርኩ አስታማሚ። ልጆቹ በየአገሩ ነበሩ። ቀን ቀን ምንም አልነበረም። ማታ ግን እንቅልፌ ሞት ነው፤ ሰላሳ አንድ ዓመት ያልተኛሁት ሁሉ ተጠራቅሞ። ስትነሳ እንድትቀሰቅሰኝ ደወል ገዛሁላት። ደወሉን ፍራሹ ስር ደበቀችው።»

«ለምን?» አልኩ።

«እንዳትቀሰቅሰኝ ነዋ! ይተኛ ብላ። ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ተሰርቃ ትነሳ ነበር። አንድ ቀን ስነቃ መስኮቱ ስር ወድቃለች። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው። እኔ እዚህ እያንኮራፋሁ። ሰላሳ አንድ ዓመት በቆምኩበት በር አንዲት ክር አላሳለፍኩም፤ እሷ ግን በአፍንጫዬ ስር ታልፋለች።»

ከፋብሪካው አናጢዎች አንዱ፣ አብሯቸው ጡረታ የወጣ፣ የወለሉን ነገር ያስረዳቸው ኖሯል። እነዚህን ካወጣህ ወለሉ ይወዛወዛል ሲላቸው እሳቸው የሰሙት ሌላ ነገር ነበር። ሚስታቸውን ጎረቤት አስቀምጠው በሁለት ቀን መሃሉን ከፍተው አሥራ ሁለቱን ነቀሉ። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ከአልጋቸው አንድ እግር ሲያወርዱ የአባባ አልጋ ከስራቸው ይነቃነቃል።

«ሁለት ዓመት አንድም ቀን አላመለጠችኝም» አሉ፤ እንደ ድሮው በረኛ ኩራት ኩራት እያላቸው። «ስይዛት ትስቅ ነበር። በአንድ ወገን አፏ።»

እኔ የቁጥሩ ነገር አልገባኝም ነበር። አንዱን እንጨት አንስቼ፣ «ሰባት» የሚለውን እያየሁ፣ «አባባ፣ ቁጥር ለምን ጻፉበት?» አልኩ።

በሞኝነቴ የተገረሙ መሰሉ።

«ስትድን ልመልሳቸው ነበራ። የቱ ከየት እንደወጣ ካልጻፍኩ እንዴት አድርጌ እመልሳለሁ?»

ያን ጊዜ ውሃ ልክ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ፤ አቧራው ነው አለ። እኔ ካቻቢቴዬን አስቤ መሬት ብትከፈት ብዬ ተመኘሁ፤ ተከፍታም ነበር፣ ግን ኮርኒሱ አይችለኝም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሃ ልክ፣ «አባባ፣ ከፈለጉ አልጋው ስር ያለውን ሁለቱን ቦታ ሳላያይዘው ልተወው እችላለሁ» አለ። «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ይንቀሳቀስ።»

አባባ በጥርጣሬ ዓይን አዩት። «ንጣፉ አፉን ይከፍታል አላልክም?»

«እሱስ ይከፍታል…»

«ታዲያ ተመልሰህ መጥተህ ልትሠራበት ነው? አውቄሃለሁ። ሁሉንም ምታ። ጠበቅ አድርገህ ምታ። ከዚህ ወዲህ የሚነሳ ሰው የለም።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ከክምሩ ፈለጉና አንዱን አቀበሉት። «ይሄ አንድ ነው። መስኮቱ ጋ።»

እንጨቶቹ በየቦታቸው ልክክ ብለው ገቡ። ውሃ ልክ ለጥንቃቄ ከየአግዳሚው ጎን አዲስ እንጨት በኮላና በብሎን አጣብቆ ደገፈው፤ ጣውላውን መልሶ በላዩ ኮምፔንሳቶ መታበት፤ ዓርብ ማታ ንጣፉ አለቀ። ቅዳሜ የባሌ እህት መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ላይ ወጥታ መሃል ክፍሉ ላይ በተረከዝ ጫማዋ ሁለት ጊዜ ዘለለች። አልጋው ፍንክች አላለም። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች፤ እሑድ ከሰዓት ባዶ እጇን ሄደች። ስለ እናቷ ምንም አልነገርናትም፤ አባባ ይንገሯት።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ሻይ ይዤላቸው ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ክር የለም። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ገብቼ፣ ወለሉን ተሻግሬ፣ ከኋላቸው እስክቆም አላወቁም። «አባባ» ስል ክው ብለው ዘወር አሉ፤ የያዙት መነጽር ከእጃቸው ወደቀ። ስንት ዓመት ማንም ሳያውቁት አጠገባቸው ደርሶ አያውቅም። ደንግጠው አተኩረው አዩኝ። መነጽሩን አንስቼ ሰጠኋቸው።

«ከእንግዲህ ስትመጪ ከደረጃው ጀምረሽ ድምፅሽን አሰሚኝ» አሉ ሲረጋጉ። «የሚነግረኝ የለም።»

አሁን ደረጃውን ስጀምር፣ «አባባ፣ እኔ ነኝ!» ብዬ እጮሃለሁ።

«እኔ ማን?» ይላሉ ከላይ፤ እያወቁ።